መሪ የጨበጥኩባቸው ሁለት ቀናት፦ ለዓይነ ስውራን የተዘጋጀ የራሊ መንዳት አገልግሎት ግምገማ

የማየት ችሎታዬን ያጣሁት መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ ስገባ ቦታዬ ሁልጊዜ የተሳፋሪ ወንበር ነበር። ዓይነ ስውራን ራሳቸው መሪ ጨብጠው፣ ከጎናቸው በተቀመጠ ረዳት አሽከርካሪ ድምፅ እየተመሩ የራሊ መንገድ የሚነዱበት አገልግሎት እንዳለ ስሰማ ከደስታው ቀድሞ የመጣብኝ ጥርጣሬ ነበር። መሪውን ለስሙ አስጨብጠውኝ መኪናውን ሌላ ሰው እንዳይነዳልኝ ፈራሁ። ከዚያ ወዲህ በአምስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ በድምሩ አሥራ አንድ ዙር ነድቼ ተመልሻለሁ። አገልግሎቱን እወደዋለሁ፣ ለሌሎችም እመክራለሁ፤ ሆኖም በመጀመሪያው ቀን የተፈጸመብኝ አንድ ነገር ጥርጣሬዬን እውነት ስላደረገው፣ እርሱን ሳልሸፋፍን ለመጻፍና እንዴት እንደ ተስተካከለም ለመናገር እፈልጋለሁ።

አገልግሎቱን የሚሰጠው ማሠልጠኛ ለሕዝብ ትራፊክ ዝግ በሆነ የግል ይዞታ ላይ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የኮረኮንች መንገድ አለው። በመንገዱ በሁለቱም በኩል አሽከርካሪው ቢሳሳት መኪናው የሚገባበት ሰፊ ሜዳ ተትቷል፤ መኪናውን የሚያስፈራው ነገር ቢኖር በአንድ ቦታ ላይ በስተቀኝ የተከመረው አፈር ብቻ ነው። በቀን የሚቀበሉት ስድስት ተሳታፊ ሲሆን፣ መንገዱ ላይ በአንድ ጊዜ ከአንድ መኪና በላይ አይወጣም። ጠዋቱ በገለጻና በመንገድ ቅኝት ያልፋል፤ ከሰዓት በኋላ ይነዳል፤ የመጨረሻው ዙር በሰዓት ይለካል።

ዓይነ ስውርነትና ራሊ ምን አገናኛቸው የሚል ጥያቄ ከብዙ ሰው ቀርቦልኛል። እኔ ግን ከሞተር ስፖርቶች ሁሉ ለእኛ የሚቀርበው ራሊ ነው ባይ ነኝ። በራሊ መኪኖች ጎን ለጎን ተሰልፈው አይሽቀዳደሙም፤ በተወሰነ ጊዜ ልዩነት አንድ በአንድ እየተለቀቁ ከሰዓት ጋር ይፎካከራሉ፤ ስለዚህ ድንገት ከጎን የሚመጣ ሌላ መኪና አይኖርም። ከዚህም በላይ፣ የሚያይ የራሊ አሽከርካሪ እንኳ መንገዱን በሙሉ በዓይኑ አይነዳም። ከጉብታ ማዶ ያለውን፣ በአቧራና በጉም የተሸፈነውን፣ በሌሊት ከመብራቱ በላይ የሚርቀውን መንገድ የሚነዳው ረዳቱ ከማስታወሻ እያነበበ የሚነግረውን አምኖ ነው።

ለዚህ እምነት እ.ኤ.አ. በ1955 በጣሊያን በተካሄደው የሚሌ ሚሊያ ውድድር እንግሊዛዊው አሽከርካሪ ስተርሊንግ ሞስና ረዳቱ ዴኒስ ጄንኪንሰን ያደረጉትን የሚያህል ምሳሌ አላውቅም። ጄንኪንሰን መንገዱን አስቀድመው በማጥናት የመዘገቡትን ማስታወሻ 5 ሜትር በሚያህል ጥቅል ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ወረቀቱን በትንሽ ሣጥን ውስጥ እያዞረ ያነብ ነበር፤ በመርሴዲሱ ሞተር ጩኸት ምክንያት ድምፁ ስለማይሰማ ደግሞ መልእክቱን ለሞስ የሚያስተላልፈው በእጅ ምልክት ነበር። ሞስ ማዶውን ወደማያየው ጉብታ በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ሲቀርብ፣ ነዳጁን እንዳይለቅ የሚያደርገው ያ የእጅ ምልክት ብቻ ነበር። 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን መንገድ በ10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ48 ሴኮንድ ጨርሰው ሲያሸንፉ አማካይ ፍጥነታቸው በሰዓት 157 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር። በዚያች ጉብታ ጫፍ ላይ ሞስና እኔ ያለንበት ሁኔታ አንድ ነው፤ ልዩነታችን የእኔ ጉብታ ከመነሻ እስከ መድረሻ የማያልቅ መሆኑ ነው። አሠልጣኞቹ ይህን ታሪክ በጠዋቱ ገለጻ አልነገሩንም። ቢነግሩን ኖሮ አብዛኛው ተሳታፊ ወደ መኪናው የሚገባው "የማይሆን ነገር ልሞክር" በሚል ስሜት ሳይሆን አንድ የቆየ ሙያ ሊማር እንደ መጣ ሰው ይሆን ነበር።

ስለ ስያሜውም አንድ ነገር ማለት ይገባኛል። ማሠልጠኛው አገልግሎቱን "የራሊ ውድድር" ብሎ ነው የሚያስተዋውቀው። እውነተኛው የራሊ ውድድር ግን በሰዓት ከሚለኩት ዝግ መንገዶች ሌላ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወስዱ በሕዝብ መንገድ ላይ የሚነዱ ክፍሎች አሉት፤ እዚያ የትራፊክ ሕግ ስለሚሠራ መሪ መያዝ የሚችለው መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ነው። እነርሱ የሚሰጡት በዝግ መንገድ ላይ የሚነዳውን ክፍል ብቻ ነው። ይህ ምንም ነውር የለበትም፤ በማስታወቂያው ላይ በግልጽ ቢጻፍ ግን "ነገ ውድድር ገባሁ" ብሎ ለቤተሰቡ ተናግሮ የሚመጣ ሰው አንገቱን አይደፋም።

ወደ መኪናው ልግባ። ከመነሳታችን በፊት መኪናውን በእጃችን እንድናውቀው በቂ ጊዜ ሰጥተውናል፤ ለዚህ ምስጋናዬ ትልቅ ነው። ከጎማው እስከ ጣሪያው ዳስሼዋለሁ። ውስጡ ምንጣፍና ልስላሴ የሚባል ነገር ስለሌለው ብረቱ ራቁቱን ነው፤ ከራስ በላይና በበሩ በኩል መኪናው ቢገለበጥ ጣሪያው እንዳይጨፈለቅ የሚይዙ ወፋፍራም ቧንቧዎች ያልፋሉ። ቀበቶው ከሁለት ትከሻ፣ ከሁለት ዳሌና ከእግር መሃል መጥቶ ሆድ ላይ ይቆለፋል። በጣም ደስ ያሰኘኝ በመሪው አናት ላይ የተጠመጠመው ወፍራም ገመድ ነው። መሪው ቀጥ ብሎ ሲቆም ገመዱ በሰዓት ገጽ ላይ 12 ቁጥር በሚገኝበት ቦታ ይውላል፤ አሽከርካሪው አውራ ጣቱን ልኮ በመንካት ጎማዎቹ ወዴት እንደ ዞሩ ወዲያው ያውቃል። ይህን ያሰበው ሰው ዓይነ ስውር ባይሆን እንኳ ዓይነ ስውርን ጠይቆ የሠራ ነው።

በረዳት አሽከርካሪው በኩል ሁለተኛ ፍሬንና ሞተሩን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ ሁለተኛ መሪ ግን የለም። መሪው በእውነት በእኔ እጅ ብቻ መሆኑን ሳውቅ ደረቴ ውስጥ የተሰማኝን ነገር እስካሁን በቃል አልገለጽኩትም።

ከሁሉ በላይ ልጽፍበት የምፈልገው የቃላቱ ጉዳይ ነው፤ ዓይነ ስውር አሽከርካሪ መንገዱን የሚያገኘው በቃል ስለሆነ የቃሉ ጥራት የመንገዱ ጥራት ነው። ማሠልጠኛው የራሱ የትእዛዝ ቃላት ዝርዝር አለው። ዝርዝሩ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሲያነቡት ምንም እንከን የለበትም፤ ጠጠሩ የመኪናውን ሆድ ከሥር እየደበደበ፣ ሞተሩ እየጮኸ ሲሰማ ግን ሌላ ነው፤ ከእያንዳንዱ ቃል የሚተርፈው ግማሹ ብቻ ነው፣ አንዳንዴ መጀመሪያው፣ አንዳንዴ መጨረሻው። "ቀኝ" እና "ቀጥ" ሁለቱም በ"ቀ" ይጀምራሉ። በመጀመሪያው ዙር "ቀጥ" ስባል "ቀኝ" ሰምቼ መሪውን ወደ ቀኝ ሰበርኩት፤ መኪናውም ሜዳው ላይ ወጥቶ ቆመ። የኩርባው ክብደት የሚነገረው በራሊ እንደተለመደው በቁጥር ነበር፤ 1 በጣም የተጠማዘዘው፣ 6 እምብዛም የማይታጠፈው ነው። "ሦስት"፣ "አምስት" እና "ስድስት" ግን ሁሉም በ"ስት" ያልቃሉ፤ መጀመሪያቸው በጩኸቱ ከተዋጠ አሽከርካሪው የሚቀረው "ስት" ብቻ ነው። "ያዝ" የሚለው ቃል ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነበር፤ ፍሬን ያዝ ማለት ነው ወይስ መሪውን እንዳለ ያዝ? ሁለቱ ትርጉሞች መኪናውን ወደ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይወስዱታል።

የመጀመሪያውን ቀን አብዛኛውን ዙር አብራኝ የነዳችው ረዳት አሽከርካሪ ይህን ስነግራት አልተከላከለችም። መኪናው ውስጥ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሄልሜታችንን ሳናወልቅ ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀምጠን ቃላቱን አንድ በአንድ ቀየርናቸው። "ቀጥ" ወጥቶ "መሃል" ገባ። ፍሬን "ፍሬን" ብቻ ተባለ፤ "ያዝ" ለመሪ ብቻ ተተወ። ቁጥሮቹን ትተን "ለዘብ"፣ "ግማሽ" እና "ሙሉ" አልን፤ ኩርባውን ለማያየው ለእኔ ኩርባው ስንተኛ መሆኑን ከማወቅ ይልቅ መሪውን ምን ያህል ማዞር እንዳለብኝ ማወቅ ይጠቅመኛልና። የመጨረሻው ለውጥ ግን የሚገርም ነበር። ከጠዋት ጀምሮ "እርስዎ" እያለች ነበር የምታናግረኝ፤ ነዳጁን እንድቀንስ ወይም እንድጨምር "ይልቀቁ"፣ "ይስጡ" ትለኝ ነበር። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ አንድ ተጨማሪ ክፍለ ቃል የሴኮንድ አንድ አምስተኛ ቢፈጅ እንኳ ከ3 ሜትር በላይ መንገድ አለፈ ማለት ነው። እርሷም ይህን አስልታ "መኪናው ውስጥ አንተ ልበልዎ፤ ከወረድን በኋላ እንደ ቀድሞው እጠራዎታለሁ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ "ልቀቅ" እና "ስጥ" ሆነ። ከመኪናው ስንወርድ ቃሏን ጠብቃ "ደከመዎት?" ብላ ጠየቀችኝ።

ለሚያይ አሽከርካሪ የሚነበበው ማስታወሻና ለእኛ የሚነገረው ንግግር አንድ ዓይነት አለመሆኑንም በዚያው ቀን ተረድቻለሁ። ለሚያየው ሰው ረዳቱ ከፊት ያለውን ብቻ ይነግረዋል፤ መኪናውን በመንገዱ ላይ የሚያስተካክለው ዓይኑ ነው። ለእኔ ግን ሁለት ንግግር ያስፈልገኛል፤ አንዱ ስለሚመጣው ኩርባ አስቀድሞ የሚነገር፣ ሌላው አሁን ያለሁበትን የሚያርም። ቀጥተኛ በሚባለው መንገድ ላይ የአንድ ዲግሪ ስህተት 100 ሜትር ከተሄደ በኋላ 1.75 ሜትር ከመስመር ያስወጣል፤ በጠባብ መንገድ ላይ ይህ ማለት አንድ ጎን ጎማዎች ሜዳው ውስጥ ናቸው ማለት ነው። ረዳት አሽከርካሪዬ ሁለቱን ንግግሮች በድምፅዋ ለየቻቸው። የሚመጣውን በሙሉ ድምፅ ትናገራለች፤ እርማቱን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ያለ ማቋረጥ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ታንቆረቁረዋለች፦ "ግራ ለዘብ፣ መሃል፣ መሃል፣ ቀኝ ለዘብ፣ መሃል።" ዝቅ ያለው ድምፅ እስካልተቋረጠ ድረስ መንገድ ላይ ነኝ። ይህ ችሎታ በአንድ ቀን የሚመጣ አይመስለኝም፤ በማሠልጠኛው ካሉት ረዳቶች ሁሉም የላቸውም፤ ስለዚህ የሚመዘገብ ሰው ከመንዳቱ በፊት ከረዳቱ ጋር በቂ ሰዓት አብሮ መቀመጥን ይጠይቅ።

ከመነሻው ሲቆጠር አራተኛ ስለሆነው ኩርባ፣ ስለ ኩርባ ቁጥር አራት፣ ካልተናገርኩ ግምገማዬ ጎደሎ ይሆናል። መንገዱ ትንሽ ጉብታ አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ወደ ግራ የሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ የአፈር ክምሩም በስተቀኝ ያለው እዚያው ላይ ነው። በጠዋቱ ቅኝት ቀስ ብለን ስንሄድ መስኮቱን አስከፈትኩ። ከክምሩ ጋር ስንስተካከል የጎማው ድምፅ ከአፈሩ ላይ ተመልሶ በቀኝ ጆሮዬ በኩል ወፈረ፤ ክምሩ ሲያልቅ ደግሞ በር እንደ ተከፈተ ሁሉ ድምፁ ድንገት ሜዳው ላይ ተበተነ። ያ ድምፅ የሚበተንበት ቦታ በትክክል መሪ የሚሰበርበት ቦታ ነው። ይህን ለረዳቴ ስነግራት በዚህ መንገድ ላይ ለሦስት ዓመት ስትሠራ እንዳልሰማችው ነገረችኝ፤ እርሷ የምታየው ክምሩን እንጂ ድምፁን አልነበረም። ከማስታወሻዋ ላይ የነበረውን ርቀት ሰርዛ "ክምሩ ሲያልቅ ግራ ግማሽ" ብላ ጻፈች። ከዚያ በኋላ እርሷ "ክምር" ስትል እኔ እሰማለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ ድምፁ ሲበተን እታጠፋለሁ። ማስታወሻው የሁለታችን የሆነው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የዕቃ ጉድለት አነሳለሁ። ሄልሜቱና በውስጡ ያለው፣ ከረዳቱ ጋር የምንነጋገርበት የኢንተርኮም ማዳመጫ ሁለቱንም ጆሮ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። ለሚያየው ሰው ይህ መልካም ነው፤ ከእኔ ግን ግማሽ መንገዴን ይወስድብኛል። የቀኙን ማዳመጫ ድምፅ ዝቅ እንዲያደርጉልኝና ማሸጊያው ስስ የሆነ ሄልሜት እንዲሰጡኝ ጠይቄ በሁለተኛው ቀን አግኝቻለሁ፤ ሳይጠይቁ የሚሰጥ ነገር ግን አይደለም። ፍጥነትንም በተመለከተ ረዳቱ ቁጥሩን በየጊዜው መናገር አለበት። የውስጥ ጆሮ የሚለየው ፍጥነት ሲጨምርና ሲቀንስ ነው፤ አንድ ዓይነት ፍጥነት ላይ ሲቆይ ምንም አይነግረንም። እኔ 40 ላይ ነኝ ብዬ ስማል 65 ላይ የነበርኩበት ጊዜ አለ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልመለስ። በመጀመሪያው ቀን ረዳቴ ሌላ ተሳታፊ ስለ ነበራት ሁለት ዙር ከሌላ አሠልጣኝ ጋር ነዳሁ። በሁለተኛው ዙር ኩርባ ቁጥር አራት ላይ፣ እግሬ ነዳጅ መስጫው ላይ እያለ፣ መኪናው እንደ መጎተት ብሎ ቀዘቀዘ። ፍሬን እንዳልነካሁ እርግጠኛ ነበርኩ። "ምን ሆነ?" ብዬ ስጠይቅ "ምንም፣ ጥሩ ነው፣ ስጥ" አለኝ። ስንጨርስ ሰዓቴ ተነገረ፤ ጥሩ ሰዓት ነበርና ሁሉም አጨበጨቡልኝ። ለብቻው ጠርቼ ስጠይቀው በዚያ ዙር አምስት ቦታ ላይ ፍሬን እንደ ያዘልኝ ነገረኝ፤ "ላለማሸማቀቅ ብዬ ነው" አለ። ጭብጨባው የእኔ አልነበረም ማለት ነው። የበለጠ የጎዳኝ ግን ሌላ ነው። በዚያ ዙር ስለ ራሴ እጅና እግር የተማርኩት ነገር ሁሉ ሐሰት ሆነብኝ፤ የትኛው ኩርባ ላይ በትክክል እንደ ዘገየሁ፣ የትኛው ላይ እንዳበዛሁት ማወቅ አልቻልኩም። የሚያይ ሰው የረዳቱን እግር ያያል። እኛ የምናውቀው የተነገረንን ብቻ ስለሆነ፣ የተደበቀብን እርዳታ እንደ ተዋሸን ውሸት ነው የሚቆጠረው። ለደህንነት ፍሬን መያዙን አልቃወምም፤ ይያዝ፣ ሁልጊዜም ይያዝ። ግን ይነገረኝ።

ይህን ሁሉ ለማሠልጠኛው በጽሑፍ አሳወቅኩ፤ መፍትሔም አብሬ ጠቆምኩ። በአንዳንድ አገሮች፣ ለምሳሌ በጀርመን፣ በመንጃ ፈቃድ ፈተና ላይ አሠልጣኙ በእርሱ በኩል ያለውን ፔዳል ሲነካ የሚጮህ ወይም የሚበራ መሣሪያ መኪናው ላይ ይገጠማል። ለእኛም የምትጮህ ትንሽ መሣሪያ ትበቃናለች። መልስ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጅቷል፤ መልሱ ግን ቀና ነበር።

ዓይነ ስውራን መኪና መንዳታቸው አዲስ ነገር አለመሆኑን አንባቢ ያውቅልኝ። ቤልጂየማዊው ሉክ ኮስተርማንስ እ.ኤ.አ. በ2008 በፈረንሳይ ከረዳት ጋር ላምቦርጊኒ ነድቶ በሰዓት 308.78 ኪሎ ሜትር ደርሷል። እንግሊዛዊው ማይክ ኒውማን እ.ኤ.አ. በ2014 በፖርሸ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ አስመዝግቧል። በመኪና እሽቅድምድም አደጋ ዓይኑን ያጣው አሜሪካዊው ዳን ፓርከር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ድምፅ በሚያሰማ መምሪያ መሣሪያ ብቻ እየተመራ 339.64 ኪሎ ሜትር ደርሷል። በሌላ አቅጣጫ ደግሞ አሜሪካዊው ማርክ ሪኮቦኖ እ.ኤ.አ. በ2011 በዴይቶና የመኪና ውድድር ሜዳ፣ በጓንትና በመቀመጫ ላይ በሚንቀጠቀጥ መሣሪያ መልእክት እየደረሰው፣ ሰው ሳይነግረው መሰናክል እያለፈ ነድቷል። ሁሉንም አከብራለሁ። ፓርከርና ኮስተርማንስ የነዱት ግን ረጅምና ሰፊ ቀጥታ መስመር ላይ ነው፤ ሪኮቦኖን የመራው ደግሞ መሣሪያ ነው። ራሊ የሚሰጠኝ ሌላ ነገር ነው፤ በየኩርባው ከሌላ ሰው ጋር መነጋገርና መተማመን። በህንድ ከተሞች ለብዙ ዓመታት ሲካሄድ በቆየው ዓይነት ራሊ ዓይነ ስውሩ በብሬል የተጻፈውን መንገድ እያነበበ የሚያየውን አሽከርካሪ ይመራል። ማሠልጠኛው ይህንንም ቢጨምር ደስ ይለኛል፤ ረዳቴ ዓይኗን ጨፍና ሳይሆን ዓይኗን ገልጣ የእኔን ንግግር ብትከተል፣ የቃል መዘግየት ምን እንደሆነ እርሷም ትቀምሰው ነበር።

በሁለተኛው ቀን አብራን የነበረች፣ ከተወለደች ጀምሮ ማየት የማታውቅ አንዲት ተሳታፊ ከሁላችን የተሻለ ለስላሳ ነድታለች። እኔ "ግራ" ስባል በአእምሮዬ ድሮ ያየሁትን ዓይነት ኩርባ እሥላለሁ፤ ሥዕሉ ከእውነተኛው ጋር ሳይገጥም ሲቀር እጄ ያመነታል። እርሷ ሥዕል የላትም፤ የተባለችውን ብቻ ታደርጋለች፣ የተሰማትን ብቻ ታርማለች። መኪና ነድቼ አላውቅም ብሎ የሚፈራ ሰው ካለ ይህን ይስማ። ማርሹና ፍሪሲዮኑ ግን ለእርሷ ከባድ ነበሩ፤ ማሠልጠኛው አውቶማቲክ ማርሽ ያለው አንድ መኪና ቢያዘጋጅ ለጀማሪ ግማሽ ቀን ይቆጥባል።

ከመንገዱ ውጭ ያለው አገልግሎት መካከለኛ ነው። የመመዝገቢያ ቅጹን ስልኬ ላይ ያለው ጽሑፍ አንባቢ ሊያነበው አልቻለም፤ ጽሑፉን እንደ ፎቶ ነው የጫኑት። የምንፈርምበትን የኃላፊነት ውል አንድ ሠራተኛ በችኮላ አነበበልኝ፤ ሰው ሕይወቱን የሚመለከት ወረቀት ቀድሞ በሚነበብ መልክ ሊላክለት ይገባል። የመንገዱን ቅርጽ በጣት ለመከተል የሠሩልን ሰሌዳ ግን ድንቅ ነው፤ ጉብታው ጉብታ ነው፣ ቁልቁለቱም ቁልቁለት። እኔ ከመንዳቴ በፊት ሰባት ጊዜ በጣቴ ሄጄበታለሁ።

በሁለተኛው ጉብኝቴ መኪናው ውስጥ ስገባ ረዳቴ አንድ ነገር እንድሰማ ነግራኝ ፍሬኗን ረገጠች። ከራሴ በላይ አጭር፣ ቀጭን ጩኸት ተሰማ። በመጀመሪያው ዙር ዘጠኝ ጊዜ ጮኸብኝ፤ ቆጠርኩት፣ በየትኛው ኩርባ እንደሆነም አብረን መዘገብን። በሁለተኛው ዙር ስድስት፣ በሦስተኛው አራት ሆነ። በሰዓት የሚለካው የመጨረሻው ዙር ላይ በጉብታው አልፈን ቁልቁል ስንወርድ እርሷ "ክምር" አለች፤ የጎማው ድምፅ በቀኜ ወፈረ፣ ተበተነ፣ መሪውን ግማሽ ሰበርኩ፤ የኋላ ጎማዎቹ ጠጠሩ ላይ ትንሽ ተንሸራተው ተመለሱ፤ ከራሴ በላይ ምንም አልጮኸም። በዚያ ዙር ጩኸቱን የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በኩርባ ቁጥር ሰባት ላይ ነበር። ሰዓቴ ከአምስት ወር በፊት ከተጨበጨበልኝ በአሥራ አራት ሴኮንድ የዘገየ ነው።